ግማሽ ምዕት ዓመት የጠበቀ ጽሑፍ

ኬሚስትሪን በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የተማረ ሰው ሌላውን ሁሉ ቢረሳ እንኳ 22.4 የምትለዋን ቁጥር አይረሳትም። አንድ ሞል ጋዝ በ0 ዲግሪ ሴንቲግሬድና በአንድ አትሞስፌር ግፊት 22.4 ሊትር ቦታ ይይዛል። ጋዙ ሃይድሮጂን ይሁን ኦክስጅን፣ ናይትሮጂን ይሁን ሌላ፣ ቁጥሯ ያው ናት። መምህሩ በሰሌዳው ላይ ጽፎ ያሰምርባታል፤ ተማሪው በደብተሩ ገልብጦ ይሸመድዳታል፤ በፈተና ቀን ታወጣዋለች። ከየት እንደመጣች የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው።

ረጋ ብሎ ላሰበው ሰው አባባሉ እንግዳ ነው። አንድ ቁና ጤፍና አንድ ቁና ባቄላ ሰፍረን፣ የጤፉ ፍሬና የባቄላው ፍሬ በቁጥር እኩል ነው የሚል ሰው ቢመጣ ገበያው ይስቅበታል። የ22.4 ትርጉም ግን ከዚህ የራቀ አይደለም። ቀላሏ ሃይድሮጂንና ከእርሷ አሥራ ስድስት እጥፍ የምትከብደው ኦክስጅን በእኩል ስፍር ሲሰፈሩ፣ የቅንጣቶቻቸው ቁጥር እኩል ነው ማለት ነውና። ይህን አሳብ በጽሑፍ ያሰፈረው ሰው ከገበያ ሳቅ የባሰ ነገር ገጠመው፤ ዝምታ። ጽሑፉ የታተመው በ1811 ነው። የሙያው ሰዎች ቁም ነገሬ ብለው የተቀበሉት ከ1860 ወዲህ ነው። (ዘመናቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በዚህ መጣጥፍ ላወሳ የምፈልገው በመካከል ያለፉትን እነዚያን ዓመታት ነው።

የነገሩ መነሻ አየር ነው። በ1662 እንግሊዛዊው ሮበርት ቦይል አንድ ጫፉ የተደፈነ፣ ወደ ላይ የታጠፈ የመስታወት ቱቦ ይዞ ሜርኩሪ፣ የጥንቶቹ ባዜቃ የሚሉትን፣ በክፍቱ ጫፍ ያፈስበት እንደነበር ጻፈ። በደፈናው በኩል የታፈነው አየር ሜርኩሪው በተጨመረበት ቁጥር ይጨመቃል። የሜርኩሪው ብልጫ ከፍታ ወደ 29 ኢንች ሲደርስ፣ ማለትም ግፊቱ በከባቢው ካለው አየር ግፊት እጥፍ ሲሆን፣ አየሩ ግማሽ ሆኖ ተገኘ። ግፊት ሲያይል ይዘት ያንሳል፤ የሁለቱ ብዜት ግን፣ ሙቀቱ ካልተለወጠ፣ አይለወጥም። ፈረንሳዮች ሕጉን በ1676 በጻፈው በማሪዮት ስም ይጠሩታል።

ከዚያ ወዲያ ከመቶ ዓመት በላይ አለፈ። በነሐሴ 27 ቀን 1783 ዣክ ሻርል በፓሪስ፣ ሻን ደ ማርስ ከተባለው ሜዳ ሰው ያልተሳፈረበት በሃይድሮጂን የተሞላ ፊኛ ለቀቀ። ፊኛው ጎኔስ በምትባል መንደር ቢወርድ ገበሬዎቹ አውሬ መስሏቸው በመንሽ ወግተው ቀዳደዱት። ይኸው ሻርል ጋዞች ሲሞቁ የሚያሳዩትን መስፋፋት ከጥቂት ዓመታት በኋላ መርምሮ ነበር፤ ነገር ግን አላሳተመውም። በ1802 ሥራውን በሚገባ ሠርቶ ያሳተመው ዦዜፍ ሉዊ ጌ ሉሳክ ነው። በጽሑፉ ውስጥ ሻርልን በስሙ ባያነሳው ኖሮ፣ ዛሬ «የሻርል ሕግ» የሚል ሐረግ በመማሪያ መጻሕፍት ባልኖረ ነበር። የሌላውን ድካም የራስ ማድረግ ቀላል በነበረበት ዘመን የተደረገ ነውና፣ ይህ ቅንነት ሳይመሰገን አይታለፍም።

ጌ ሉሳክ ያገኘው ምንድን ነው? ጋዝ ሁሉ ሙቀቱ በአንድ ዲግሪ ሴንቲግሬድ በጨመረ ቁጥር፣ በ0 ዲግሪ ከነበረው ይዘት 1/267ኛ ያህል ይሰፋል። (የዛሬው ልኬት 1/273 ነው።) ትኩረታችንን መሳብ የሚገባው ቁጥሩ ሳይሆን «ጋዝ ሁሉ» የሚለው ነው። ብረትና መዳብ ሲሞቁ እኩል አይሰፉም፤ ዘይትና ውኃም እንዲሁ። ጋዞች ግን እኩል ይሰፋሉ፤ ሲጨመቁም እኩል ይጨመቃሉ። ጠጣርና ፈሳሽ ማንነቱን በጠባዩ ሲገልጥ፣ ጋዝ ማንነቱን ይሰውራል። ለምን? የዚህ መልስ ነው በኋላ አቮጋድሮ ዘንድ የተገኘው።

ጌ ሉሳክ በ1804 ብቻውን በፊኛ ወደ 7,000 ሜትር ወጥቶ አየር በጠርሙስ ይዞ የወረደ ደፋር ሰው ነው። በታኅሣሥ 31 ቀን 1808 ግን ከዚያ የላቀ ነገር ይዞ ፓሪስ በነበረ የምሁራን ማኅበር ፊት ቀረበ። ጋዞች እርስ በርስ ሲዋሐዱ የይዘታቸው ንጽጽር ሁልጊዜ ቀላል ሙሉ ቁጥር ነው አለ። ሁለት ሊትር ሃይድሮጂንና አንድ ሊትር ኦክስጅን ሲዋሐዱ ሁለት ሊትር የውኃ እንፋሎት ይሰጣሉ። አንድ ሊትር ናይትሮጂንና ሦስት ሊትር ሃይድሮጂን ደግሞ አሞኒያን ይመሠርታሉ። ሁለት ለአንድ፣ አንድ ለሦስት፤ ክፍልፋይ የለም።

በዚያው ዓመት በማንችስተር ያስተምር የነበረው የሸማኔ ልጅ ጆን ዳልተን የአቶምን ትምህርት በመጽሐፍ አውጥቶ ነበር። እያንዳንዱ ንጥረ ነገር የራሱ ክብደት ካላቸው፣ ከማይከፈሉ አቶሞች የተሠራ ነው። ውህድም የሚፈጠረው እነዚህ አቶሞች አንድ ለአንድ፣ አንድ ለሁለት እያሉ ሲቆራኙ ነው። እንግዲህ የሁለቱ ሰዎች ግኝት እንደ ቁልፍና ጋን የሚገጥም ይመስላል። አንባቢ የዳልተንን ደስታ ይጠብቅ ይሆናል፤ ዳልተን ግን የጌ ሉሳክን ግኝት አልተቀበለም። ልኬቱ ትክክል አይደለም አለ።

ብዙ ጊዜ ይህ ነገር ሲተረክ ዳልተን ግትር ሽማግሌ ተደርጎ ይሣላል። እኔ ግን እንዲህ አልፈርድበትም፤ ምክንያቱ እጅግ ጠንካራ ነበርና። እስቲ እንደ እርሱ እናስብ። በአንድ ሊትር ጋዝ ውስጥ ለምሳሌ ያህል አንድ ሺህ ቅንጣት አለ እንበል፤ ለሁሉም ጋዝ እኩል። አንድ ሊትር ኦክስጅን ሁለት ሊትር እንፋሎት ከሰጠ፣ ከአንድ ሺህ የኦክስጅን ቅንጣት ሁለት ሺህ የውኃ ቅንጣት ተገኘ ማለት ነው። እያንዳንዱ የውኃ ቅንጣት በውስጡ ኦክስጅን አለው። እንግዲያው እያንዳንዱ የኦክስጅን ቅንጣት ለሁለት ተከፍሏል። አቶም ግን አይከፈልም! ሌላም አለ። አንድ ሊትር የውኃ እንፋሎት፣ በተመሳሳይ ሙቀትና ግፊት፣ ከአንድ ሊትር ኦክስጅን ይቀላል፤ 9 ለ16 ነው። ኦክስጅን ላይ ሃይድሮጂን ተጨምሮበት እንዴት ከቀድሞው ይቀላል? በበሬ ላይ በግ ቢጨመር ክብደቱ ቀነሰ እንደማለት ነው። ስለዚህ ዳልተን «እኩል ይዘት፣ እኩል ቁጥር» የሚለውን አሳብ ራሱ አስቦት፣ መዝኖት፣ ጥሎታል። ውኃ ለእርሱ አንድ ሃይድሮጂንና አንድ ኦክስጅን ሆኖ ቀረ።

መልሱ የመጣው ማንም ካልጠበቀው ሥፍራ ነው። አሜዴዮ አቮጋድሮ በ1776 በቱሪን ከሕግ ባለሙያ ቤተሰብ ተወለደ። እርሱም እንደ አባቱ ሕግ ተምሮ በሃያ ዓመቱ በቤተ ክርስቲያን ሕግ ዶክተር ተባለ። ፊዚክስና ሒሳብን ያጠናው ቆይቶ በራሱ ነው። በ1809 ቬርቼሊ በምትባል አነስተኛ ከተማ የፊዚክስ መምህር ሆነ። አገሩ ፒዬሞንት በዚያን ጊዜ በናፖሊዮን ግዛት ሥር ስለነበረች ጽሑፉን በፈረንሳይኛ ጽፎ ፓሪስ ወደሚታተም የፊዚክስ መጽሔት ላከ። በ1811 ወጣለት።

አቮጋድሮ ያለው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ በእኩል ሙቀትና ግፊት ያሉ እኩል ይዘት ያላቸው ጋዞች እኩል ቁጥር ያላቸው ሞለኪውሎች ይይዛሉ። ሁለተኛ፣ የኦክስጅን ወይም የሃይድሮጂን ጋዝ ቅንጣት ነጠላ አቶም መሆን የለበትም፤ ሁለት ተመሳሳይ ክፍሎች ተጣምረው የሠሩት ሊሆን ይችላል። በዚች ሁለተኛ ቃል የዳልተን እንቆቅልሽ ተፈታ። የተከፈለው አቶም ሳይሆን ጥንዱ ነው። ከአንድ የኦክስጅን ጥንድ አንዱ ወደ አንደኛው ውኃ፣ ሌላው ወደ ሁለተኛው ውኃ ይሄዳል። እንፋሎት ከኦክስጅን መቅለሉም የሚያስገርም መሆኑ ቀረ፤ በኦክስጅን ሞለኪውል ውስጥ ሁለት ኦክስጅን ሲኖር በውኃው ውስጥ ያለው አንድ ብቻ ነዋ! በበሬ ላይ በግ አልተጨመረም፤ ከጥማድ በሬ አንዱ ተፈትቶ በምትኩ ሁለት ጥጃ ገባ እንጂ።

የቁናው ነገርስ? ጤፍና ባቄላ በቁና ውስጥ እርስ በርስ ተጠጋግተው ስለሚቀመጡ የፍሬው ትልቅነት ቁጥሩን ይወስናል። ዳልተንም የጋዝ ቅንጣቶችን እያንዳንዳቸው በሙቀት ካባ ተከበው ጎን ለጎን እንደተደረደሩ አድርጎ ያያቸው ነበር። ጋዝ ግን እንዲህ አይደለም። 18 ግራም ውኃ ፈሳሽ ሳለ 18 ሚሊ ሊትር ያህል ነው፤ ሁለት የሾርባ ማንኪያ አይሞላም። በ100 ዲግሪ ተኖ እንፋሎት ሲሆን ወደ 30 ሊትር ተኩል ይደርሳል፤ አንድ ሺህ ሰባት መቶ እጥፍ ገደማ። የጋዝ ይዘት አብዛኛው ባዶ ቦታ ነው። ባዶ ሜዳ ላይ ርቀው የተበተኑ መንገደኞች ቀጫጭን ይሁኑ ወፋፍራም፣ ሜዳው የሚይዘውን ቁጥር አይለውጡትም። ጋዞች ሁሉ እኩል የሚሰፉትና እኩል የሚጨመቁት ከዚህ የተነሣ ነው።

ይህን ያህል የጠራ መልስ ለምን ሰሚ አጣ? በ1814 ታላቁ ፈረንሳዊ አንድሬ ማሪ አምፔር ከአቮጋድሮ ሳይሰማ ወደዚያው አሳብ ደርሶ ነበር፤ እርሱንም የሰማው የለም። ስለዚህ የአቮጋድሮ በጠረፍ ከተማ መኖር ብቻውን ምክንያት አይሆንም። የአቮጋድሮ አጻጻፍ አስቸጋሪ ነው፤ አዲስ ሙከራ አላቀረበም፤ ማስረጃው የሌሎች ሰዎች ልኬት ነው። ይህ ሁሉ እውነት ሆኖ ዋናው መሰናክል ግን ሌላ ይመስለኛል። በዘመኑ የኬሚስትሪ ሊቀ ሊቃውንት የነበረው ስዊድናዊው ቤርዜሊየስ አቶሞችን የሚያቆራኛቸው የኤሌክትሪክ ተቃርኖ ነው ብሎ ያስተምር ነበር፤ አዎንታዊው አሉታዊውን ይስባል። ሁለት የኦክስጅን አቶሞች ሁለቱም አሉታዊ ናቸውና ይገፋፋሉ እንጂ አይጣመሩም። በዚህ ትምህርት ላይ ብዙ ጥሩ ነገር ተሠርቶ ስለነበር፣ የቬርቼሊውን መምህር ለመቀበል ያን ሁሉ መናድ ያስፈልግ ነበር። ተመሳሳይ አቶሞች የሚጣመሩበትን ምሥጢር ፊዚክስ በአጥጋቢ ሁኔታ የገለጠው በ1927 መሆኑን ስናስብ፣ ቤርዜሊየስን መውቀስ ይከብዳል።

ሙከራም ቢሆን አቮጋድሮን ከድቶታል። ዣን ባፕቲስት ዱማ የተባለ ወጣት ከ1826 ጀምሮ የአሳቡን እውነትነት በሚዛን ሊፈትን ተነሣ። ጋዝ የሆነ ንጥረ ነገር ሁሉ ጥንድ ነው ብሎ ጀምሮ የሜርኩሪን፣ የፎስፈረስንና የድኝን ተን መዘነ። ሜርኩሪ ከተጠበቀው ግማሽ፣ ፎስፈረስ እጥፍ፣ ድኝ ሦስት እጥፍ ሆነው ተገኙ። ዱማ ተስፋ ቆረጠ፤ ከዚያም አልፎ «አቶም» የሚለውን ቃል ከሳይንስ ማውጣት ቢችል እንደሚያወጣው እስከ መናገር ደረሰ። ጎደን የተባለ ሰው በ1833 ሜርኩሪ ነጠላ ቢሆንስ ብሎ ትክክለኛውን ጻፈ፤ እርሱንም የሰማው አልነበረም።

በዚህ መካከል አቮጋድሮ በ1820 በቱሪን ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ ወንበር ተሰጠው። በ1821 ዐመፅ ተነሥቶ ዩኒቨርሲቲው ስለታወከ ወንበሩ ታጠፈ፤ የተመለሰለት በ1834 ነው። በ1850 ጡረታ ወጣ፤ በሐምሌ 1856 አረፈ። ጽሑፉ ያኔም መደርደሪያ ላይ ነበር።

ኬሚስትሪ በዚህ ጊዜ ባቢሎን ሆና ነበር። አንዱ የውኃን ቀመር HO፣ ሌላው H₂O ብሎ ይጽፋል። የካርቦንን ክብደት አንዱ 6፣ ሌላው 12 ይላል። ኬኩሌ በ1861 ባወጣው መጽሐፍ ለኮምጣጤ አሲድ ብቻ በጥቅም ላይ የነበሩ 19 ቀመሮችን ደርድሯል። በመስከረም 3 ቀን 1860 ከመቶ ሃያ በላይ ኬሚስቶች ከየአገሩ በጀርመን፣ በካርልስሩኸ ከተማ የተሰበሰቡት ይህ ስላስመረራቸው ነው። ሦስት ቀን ተከራከሩ። በሦስተኛው ቀን መንበሩን የያዘው፣ የታሪክ ነገር ሆነና፣ ዱማ ነበር።

በጉባኤው ስታኒስላኦ ካኒዛሮ የሚባል የ34 ዓመት ሰው ነበረ። የፓሌርሞ ልጅ ነው። በ1848ቱ የሲሲሊ አብዮት ተሳትፎ፣ አብዮቱ ሲከሽፍ ወደ ፈረንሳይ ተሰደደ። በኋላም በጣሊያን በአሌሳንድሪያ፣ ከዚያም በጄኖቫ አስተማረ። ለተማሪዎቹ ኬሚስትሪን ከመጀመሪያው እንዴት እንደሚያስረዳ ሲያሰላስል የአቮጋድሮን አሳብ መሠረት አድርጎ ሙሉ ኮርስ አዋቀረ፤ በ1858ም በአጭሩ አሳተመው። ይህን ልብ እንበል፤ ነገሩ የተፈታው በምርምር ጣቢያ ሳይሆን በማስተማሪያ ክፍል ነው።

መንገዱ ሕፃን የሚገባው ነው። የሃይድሮጂንን ሞለኪውል 2 በለው። ሌሎቹን ጋዞች በእኩል ይዘት መዝነህ ከእርሱ ጋር አነጻጽራቸው፤ የሞለኪውላቸውን ክብደት አገኘህ። አሁን ካርቦን ያለባቸውን ውህዶች ደርድርና በየሞለኪውሉ ያለውን የካርቦን ድርሻ ተመልከት። በካርቦን ሞኖክሳይድ 12፣ በካርቦን ዳይኦክሳይድ 12፣ በሜቴን 12፣ በኤቲሊን 24፣ በኤተር 48። ከ12 የሚያንስ የትም የለም፤ የሚበልጠውም ሁሉ የ12 ብዜት ነው። እንግዲያው የካርቦን አቶም 12 ነው። የዱማ እንቅፋትም በዚያው ተነሣ። ሁሉም ጥንድ ይሁን ያለ የለም፤ ሜርኩሪ ነጠላ፣ ፎስፈረስ አራት፣ ድኝ በዚያ ሙቀት ስድስት አቶም ይዞ ይተናል።

ጉባኤው ውሳኔ ሳያሳልፍ ተበተነ፤ እውነት በድምፅ ብልጫ አይለይምና። ሰዎቹ ሲሰነባበቱ ግን ፓቬሲ የሚባል የካኒዛሮ ወዳጅ የዚያን አጭር ጽሑፍ ቅጂ ያድላቸው ነበር። ጀርመናዊው ሎታር ማየር በኪሱ ከትቶ በመንገድ ላይ እንዳነበበው፣ ከዓይኑ ላይም ቅርፊት እንደወደቀለት ከዓመታት በኋላ ጽፏል። ከታዳሚዎቹ አንዱ የ26 ዓመቱ ሩሲያዊ ድሚትሪ ሜንዴሌዬቭ ነበር። ትክክለኛ የአቶም ክብደቶች ባይኖሩ በ1869 ያወጣውን የንጥረ ነገሮች ሠንጠረዥ ሊደረድር ባልቻለ ነበር።

እንግዲህ ወደ 22.4 እንመለስ። ቁጥሯ የሰማይ ትእዛዝ አይደለችም፤ የሚዛን ውጤት ናት። በ0 ዲግሪና በአንድ አትሞስፌር አንድ ሊትር ኦክስጅን 1.429 ግራም ይመዝናል፤ 32ን ለዚህ ብናካፍል 22.4 ይሰጣል። አንድ ሊትር ሃይድሮጂን 0.0899 ግራም ነው፤ 2.016ን ብናካፍልለት ያው 22.4 ይመጣል። (ካርቦን ዳይኦክሳይድ ትንሽ ያጎድላል፤ 22.26 ነው። ሞለኪውሎቹ በመጠኑ ይሳሳባሉና።) በዚያ ይዘት ውስጥ ስንት ሞለኪውል እንዳለ አቮጋድሮ አያውቅም ነበር። ወደዚያ የሚያደርሰውን የመጀመሪያ ስሌት ኦስትሪያዊው ሎሽሚት በ1865 ሠራ። ዣን ፔረን በ1909 ቁጥሩን በአቮጋድሮ ስም ሰየመው። ከ2019 ወዲህ አንድ ሞል በትክክል 6.02214076 × 10²³ ቅንጣት እንዲሆን በዓለም አቀፍ ስምምነት ተደንግጓል።

ለእኛ ለደገኞቹ ደግሞ አንድ ነገር ላክል። 22.4 የባሕር ጠለልና የበረዶ ቁጥር ናት። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል 2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብላ ስለምትገኝ፣ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ተማሪው ቁጥሯን በሚሸመድድበት ክፍል ውስጥ፣ በ20 ዲግሪ ሙቀት፣ አንድ ሞል ጋዝ የሚይዘው ወደ 32 ሊትር ነው። ሃያ ሊትሩ ቢጫ ጀሪካን አንድና ግማሽ ሞልቶ ይተርፋል። ከባሕር ጠለል በታች ባለችው ዳሎል፣ በ40 ዲግሪ ሙቀት፣ 25 ሊትር ገደማ ይሆናል። ጋዙ ሃይድሮጂን ቢሆንም 25፤ ኦክስጅን ቢሆንም 25።